የአፍ ቁስልና የበረዶ ታሪክ

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን በምንሠራበት ቤት ታማሚ እናስታምማለን። ካንሰር የያዘው ሰው ኬሞ ወስዶ ሲመለስ አንዳንዴ አፉ ይቆስልና ውኃ መዋጥ እንኳን ጭንቅ ይሆንበታል። ይህ ነገር ከየት እንደመጣና ምን እንደተገኘለት ብናውቅ ይጠቅመናል።

ታሪኩ ከኬሞ ጋር አብሮ የጀመረ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ቦስተን ውስጥ የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ሰጥቶ ውጤቱን ሲጽፍ፣ አፍ እንደሚያቆስል አብሮ መዝግቧል። በ1957 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሰጠው ፍሎሮዩራሲል መጣ። እነዚህ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሕዋስን ይገድላሉ። ካንሰር እንደዚያ ነው። የአፋችን የውስጥ ቆዳም ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ መድኃኒቱ ሳይለይ ሁለቱንም ይመታል።

አንዱ መፍትሔ የተገኘው ከፍሪጅ ነው። ፍሎሮዩራሲል በደም ሥር ባንዴ ሲሰጥ ከደም ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። በዚያች ሰዓት አፍ ከቀዘቀዘ የደም ሥሩ ይጠብና መድኃኒቱ ወደ አፍ ብዙም አይደርስም። በ1991 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ታማሚዎች መድኃኒቱ ሊሰጣቸው 5 ደቂቃ ሲቀረው ጀምረው ለ30 ደቂቃ የተሰባበረ በረዶ አፋቸው ውስጥ ያዙ። ቁስሉም ቀነሰላቸው። በ2004 ፓሊፈርሚን የሚባል መድኃኒት እዚያው ተፈቀደ፤ እሱ ግን ለደም ካንሰር ከባድ ሕክምና ለሚወስዱ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው።

በረዶ ግን ለሁሉም አይሆንም። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን የሚወስድ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ከነካው ጉሮሮው የታነቀ ያህል ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ሳታውቂና ነርሷን ሳትጠይቂ በረዶ አትስጪ።

ለአፍ ማጠቢያም አልኮል ያለበት አይሆንም፣ ቁስሉን ያቃጥለዋል። ሆስፒታሎች የሚመክሩት ቀላል ነገር ነው፦ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት ነው። የጥርስ ብሩሹም ለስላሳ ይሁን።

አፉ የቆሰለ ታማሚ ትኩሳት ከጀመረው ግን ሳይውል ሳያድር ለቤተሰቡ ንገሪ። "እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ አይመለከተኝም" አትበይ። ቁስሉን ቀድመሽ የምታይው ምግቡን የምታጎርሽው አንቺ ነሽ።