ይህ የማን ዱቄት ነው? የልጆቻችን ምግብ ከእጅ ወፍጮ እስከ እህል በረንዳ

ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን የአንዷ የሦስት ዓመት ልጅ የጤፍ ቂጣ በልቶ ፊቱና ከንፈሩ ሲያብጥ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ልጁ የስንዴ አለርጂ እንዳለበት ሐኪም አስቀድሞ ነግሯታል። ፉርኖ ዱቄት ከቤቷ ካወጣች ቆይታለች። ጤፉንም ራሷ ገዝታ፣ ራሷ አበጥራና ነፍታ ነው ያስፈጨችው። በኋላ ስንጠያይቅ ነገሩ ተገኘ፤ በወፍጮ ቤቱ ከእሷ ተራ በፊት የተፈጨው ስንዴ ነበር። ልጁ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ስለደረሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሆነ። ጥያቄው ግን እኛ ዘንድ ቀረ። አያቶቻችን በቤታቸው ያለው ዱቄት ከምን እንደተሠራ ያውቁ ነበር። እኛ ማወቅ ያቆምነው መቼ ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በአያቶቻችን ዘመን ዱቄት የሚፈጨው በየቤቱ ነበር። ሴቲቱ ከድንጋዩ ወፍጮ ፊት ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሌሊት ተነስታ ትፈጫለች። ያንን ሥራ ማንም ሊናፍቀው አይገባም፤ የስንቷን ወገብና ጉልበት በልቷል። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እፎይ ያሉት ሴቶች ናቸው። ነገር ግን በእጅ ወፍጮ ላይ የሚያልፈው የአንድ ቤት እህል ብቻ ነበር። በወፍጮ ቤት የሰፈሩ ሁሉ እህል በአንድ ድንጋይ ላይ ያልፋል። ድካማችን ቀለለ፣ ዱቄታችን ግን ተቀላቀለ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው በገበያው በኩል ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። አዲሱ ቦታ «የአገሬው ሰው ገበያ» በሚል የጣሊያንኛ ስም ተጠራ። ከዚያ ስም የቀረልን «መርካቶ» የሚለው ነው። ፓስታና መኮሮኒም በከተማው የተለመዱት ከጣሊያኖች ጋር ነው፤ «ፉርኖ» የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው። ስንዴ በአገራችን ጥንታዊ እህል ነው፤ ደፎ ዳቦውና አምባሻው ይመሰክራሉ። ግን የዓመት በዓልና የእንግዳ ነበር። ዛሬ ልጅ ጠዋት ዳቦ፣ በትምህርት ቤት ብስኩት፣ ማታ መኮሮኒ ይበላል። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ታዲያ በምን በኩል ይለፍ?

እዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር አለ። ጓዳችን ሳያስበው ለእንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ አዘጋጅቷል። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም። ስለዚህ ወተትና እንቁላል የሌለበት ሙሉ ማዕድ፣ ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሻሻል ኖሯል። መርካቶ ላይ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤት እንደሆኑ ሁሉ፣ በማኅበራችንም የሁለቱ እምነት እናቶች አብረን እንሠራለን። ልጇ ወተት የማይስማማው ሙስሊም እህታችን የጾም ወጥ አሠራር የተማረችው ከክርስቲያን ጎረቤቷ ነው። የጉራጌ እናቶች ደግሞ ቡላን ይዘው መጥተዋል። ቡላ ከእንሰት ስለሚገኝ ስንዴም ገብስም የለበትም።

ይሁን እንጂ «የጾም ነው» ማለት «ለሁሉም ልጅ ይስማማል» ማለት አይደለም። በጾም የምንወዳቸው ሰሊጥና ኦቾሎኒ ራሳቸው ብርቱ አለርጂ ከሚያስነሱ ምግቦች መካከል ናቸው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው በአብሽና በጎጃሙ ግብጦም ሊታመም ይችላል፤ ሦስቱም በዝርያ ዘመዳሞች ናቸውና። አብሽ ደግሞ በምጥን ሽሮና በተነጠረ ቅቤ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። በሶና ጭኮ የገብስ ናቸው፤ ገብስ የስንዴ ዘመድ ስለሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ በምትክነት አይሰጥም። ላም ወተት ለማይስማማው ልጅም የፍየል ወተት መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ።

ዱቄት መቀላቀል ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለታችን ግን አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋ ታስቦበት የተቀላቀለ ምግብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል፣ ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት የሚሆን ርካሽና ገንቢ ዱቄት ፈለገ። በአሠርቱ ዓመት ማብቂያ ላይ ፋፋ ወጣ፤ ስሙም ከነግሡ «ልጄ ፋፋ» ከምንለው ቃል ነው። እህልን ከጥራጥሬ ጋር ማጣመር፣ ማለት ስንዴን ከሽምብራና ከአኩሪ አተር፣ ከዚያም የወተት ዱቄትና ቫይታሚን መጨመር፣ የሥራው መሠረት ይህ ነበር። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች ትልቅ ውለታ ውሏል። ስንዴ፣ ወተት ወይም አኩሪ አተር ለማይስማማው ልጅ ግን አይሆንም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የፋፋ ፓኬት የያዘውን ይናገራል። ከወፍጮ ቤት የመጣ ከረጢት አይናገርም።

የስንዴ ጉዳት በሌላው ዓለም የታወቀውም በብዙ ልፋት ነው። ዊለም ዲክ የሚባል የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም፣ ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸውን ልጆች ይከታተል ነበር። ይህ ሕመም ከአለርጂ ይለያል፤ ግን መነሻው በስንዴ፣ በገብስና በዘመዶቻቸው ውስጥ ያለው ግሉተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት በኔዘርላንድ ዳቦ ሲጠፋ እነዚህ ልጆች እንደተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ እንደታመሙ ሐኪሙ አስተዋለ። ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1950 አቀረበ። ከዚያ በኋላ ያ ዓይነት ግሉተን የሌለበት እህል ሲፈለግ ዓይን ያረፈው በእኛው ጤፍ ላይ ነው። እዚያው ኔዘርላንድ ያለ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት እስከማውጣት ደረሰ፤ መብቱን የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አደረገው። አውሮፓ የተካሰሰበት እህል እኛ ጓዳ ውስጥ አለ። እኛ የጎደለን ንጹሕ አድርጎ ከማሳው እስከ ምጣዱ ማድረስ ነው።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች አንድ ልማድ አለን፤ ገንዘቡ ከየት ገባ፣ በማን እጅ አለፈ ብለን ሳንጠይቅ መዝገብ አንዘጋም። ዱቄትንም እንደዚሁ መዝግበነዋል። ያገኘናቸው ቀዳዳዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ወፍጮው። ሁለተኛ፣ የገበያ እንጀራ፤ ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ገብስ ወይም ስንዴ ይጨመርበታል፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ እርሾ፤ ከጎረቤት የምንበደረው እርሾ የጎረቤትን ዱቄት ይዞ ይመጣል። አራተኛ፣ ዳቦ የተጋገረበት ምጣድና ዱቄት የተነፋበት ወንፊት።

አሁን አሥራ አንድ ሆነን ከእህል በረንዳ ጤፍና ሽምብራ በጋራ እንገዛለን፣ አብረን እንለቅማለን። ወፍጮው በሚጸዳበት ቀን ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ተረኞች እንድንሆን ተነጋግረናል። መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ስንዴ ለሚበላው ቤት እንለየዋለን። ለዚያ ልጅ ግን ይህም አስተማማኝ አይደለም። ለእናቱ ከማኅበሩ ቁጠባ በብድር ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ተገዝቶላት፣ የልጇን ብቻ ትፈጭበታለች።

ለመክሰስ የምንሠራውን እነሆ። ሁለት ስኒ የጤፍ ዱቄትና አንድ ስኒ የሽምብራ ዱቄት ከጥቂት ጨውና ዘይት ጋር በሙቅ ውኃ ይለወሳል። እንደ ስንዴ ሊጥ ስለማይለጠጥ በትንንሹ ይቆረጥና በዝግተኛ እሳት ይታመሳል፤ ስንዴ የሌለበት ዳቦ ቆሎ ነው። ቡላ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ በሚፈላ ውኃ ውስጥ እየተማሰለ ገንፎ ይሆናል። ቡላ ለብቻው ገንቢነቱ ትንሽ ስለሆነ ቀጠን ያለ የምስር ወጥ ከጎኑ ይሁን። የተቀቀለ ስኳር ድንችና ሙዝ ደግሞ ምንም ድካም የላቸውም። ጥርሳቸው ላልጠና ሕፃናት ግን ደረቅ ቆሎና ኦቾሎኒ አትስጡ፤ ያንቃቸዋል።

በመጨረሻ አደራ። በጥርጣሬ ብቻ ከልጅ ማዕድ ምግብ አትቀንሱ፤ ሐኪም ይመርምረው። ከምግብ በኋላ ከንፈር ካበጠ፣ ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ጊዜ አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። የመፍጫው ብድር በመዝገባችን «የልጆች ጤና» በሚል ርዕስ ተይዟል። በዚያ ርዕስ ሥር ለሁለተኛ እናት የሚሆን መስመር ክፍት ትተናል። የሚያስፈልጋት እህት ካለች በሚቀጥለው ስብሰባ ትንገረን።