የጅማ–ቦንጋ–ሚዛን መንገድ

የጅማ–ቦንጋ–ሚዛን መንገድ ከጅማ ከተማ ተነስቶ፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮና ቦንጋን አልፎ ሚዛን አማን የሚደርስ አውራ ጎዳና ነው። ርዝመቱ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወሊሶና በወልቂጤ ወደ ጅማ ከሚመጣው የአዲስ አበባ መንገድ ጋር ስለሚገጥም፣ የከፋና የቤንች ሸኮ ሰው ወደ መሐል አገር የሚመላለሰው፣ ቡናውም ለገበያ የሚወጣው በዋናነት በዚሁ ነው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ በሚል ርቀት ላይ ትገኛለች።

መንገዱ ከጅማ እንደወጣ በሰቃ ጨቆርሳና በሸቤ በኩል የቡና ማሳዎችን እያቋረጠ ይሄዳል። ከሸቤ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉም እየሳሳ ይመጣና ጎጀብ ይደረሳል። የኦሞ ገባር የሆነው ይህ ወንዝ ዛሬ የኦሮሚያና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልሎች ወሰን ነው። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ወዲያው ይቀበላል፤ በጊምቦ ወረዳ በኩል ሽቅብ እየወጣ ቦንጋ ያደርሳል። ጅማም ቦንጋም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ስለሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መንገደኛ ቆላ ወርዶ እንደገና ወይናደጋ መውጣቱ አይቀርም።

የከፋ ነገሥታት የጎጀብን ሸለቆ ጥቅም አሳምረው ያውቁ ነበር። የግዛታቸውን ዳርቻ በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር አጥረው፣ መግቢያና መውጫውን በዘበኛ በሚጠበቁ በሮች ወስነውት ነበር። ነጋዴ ቀረጥ ከፍሎና ፈቃድ አግኝቶ ብቻ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ በእነዚያው በሮች ይወጣል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1830ዎቹ ቦንጋ መድረስ የቻለው ለእናርያ ንጉሥ ሙሽራ ሊያመጡ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው።

በሩን የሰበረው የ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ነው። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከሌሎች የምኒልክ መኳንንትና ከጅማው አባ ጅፋር ሠራዊት ጋር ዘምቶ ለወራት ከተዋጋ በኋላ፣ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በመስከረም 1890 ተያዙ። ንጉሡ በግዞት ቆይተው ያረፉት አዲስ አበባ ነው። በዚያው ዓመት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በከፋ ሲያልፍ ጦርነቱ ሰው አልባ ያደረጋቸውን መንደሮች አይቶ ጽፏል። የዚህን መንገድ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ያንን ጥፋት ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይገባም፤ ቦንጋ ለመሐል አገር የተከፈተችው በብዙ ሰው ሕይወት ነው።

ጎጀብ ሌላም የሽንፈት ቀን አይቷል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ከተፈታ በኋላ ጎሬ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው የቆዩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር አባላት ጋር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ በወንዙ ዳርቻ በጣሊያን ጦር ተከበቡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ጣሊያንም ተግዘው ለዓመታት ታሰሩ። ይህን ያህል ታሪክ ያለውን ወንዝ አብዛኛው መንገደኛ ሳያውቀው በደቂቃ ይሻገረዋል።

ከነጻነት በኋላ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ሲዋቀር ዋና ከተማው ጅማ ሆነ። የቦንጋ ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ጎጀብን መሻገር ነበረበት። መንገዱ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ነበር፤ ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር ክረምት በገባ ቁጥር ቡና የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀር፣ የታመመም ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ያድር ነበር። የአስፋልቱ ሥራ የተጀመረው የአፍሪካ ልማት ባንክ በ1999 ዓ.ም. ለጅማ–ሚዛን መንገድ ማሻሻያ ገንዘብ ካጸደቀ በኋላ ነው።

ከቦንጋ ወደ ምዕራብ ያለው ክፍል ከሁሉም ያምራል። መጀመሪያ የውሽውሽ ሻይ እርሻ ይመጣል፤ በመንግሥት ይዞታ ከቆየ በኋላ ወደ ግል የተዛወረ ነው። በእኩል ቁመት የተከረከመው የሻይ ተክል ኮረብታዎቹን ሸፍኖ ይሄድና ድንገት የጫካው ግድግዳ ላይ ያበቃል። ጫካ ውስጥ ከረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ከመንገዱ ይታያሉ፤ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠሩ ናቸው፣ ማር ቆራጩም በገመድ ይወጣባቸዋል። በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ። የደረቀ ኮረሪማ በክር ተሰክቶ ገበያ ላይ ሲሸጥ ማየት በአካባቢው የተለመደ ነው። መንገዱ ከዚህ በኋላ በሺሺንዳና በዋጫ አድርጎ ቤንች ሸኮ ዞን ይገባል፤ ከሚዛን ወዲያ ደግሞ ወደ ቴፒና ወደ በበቃ ቡና እርሻ የሚሄዱ መስመሮች ይቀጥላሉ።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ከ760,000 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ይህ ደን የተረፈው አንድም ለረጅም ዘመን መንገድ ስላልገባበት ነው። አስፋልቱ ለገበሬው ዋጋ፣ ለታማሚው ሕይወት ሰጥቷል፤ ግንድ ጫኚውንና አዲስ መሬት ፈላጊውንም አቅርቧል። ደኑን በሕግ ብቻ ማስጠበቅ እንደማይቻል የታየው በዚሁ አካባቢ ነው። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በ1980ዎቹ መጨረሻ በቦንጋ ደን የጀመረው አሠራር ጥበቃውን ከነተጠቃሚነቱ ለነዋሪው ማኅበራት ያስረክባል፤ የጫካ ቡናና ማር የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለዛፉ መቆም የገንዘብ ምክንያት ሆነዋል።

ቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም መቀመጫ ናት። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ደግሞ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ሌሎቹ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ናቸው። ሚዛንና ቴፒ ከቦንጋ ጋር በዚሁ መስመር ሲገናኙ፣ ዳውሮ ውስጥ ወዳለችው ተርጫ የሚሄደው ግን በአመያና በጭዳ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈውን መንገድ መያዝ አለበት።