የአየር ጥራት ትንበያና ኦዞን፦ መርካቶ ለሚውሉ የአስም ሕሙማን

የአየር ጥራት ትንበያ በሚቀጥሉት ቀናት በአየር ውስጥ ምን ያህል ጎጂ ጋዝና ብናኝ እንደሚኖር አስቀድሞ ይገምታል። አስም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከባዱን ሥራ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ለመወሰን ይረዳዋል።

ኦዞን በሰማይ ከፍታ ላይ ሲሆን ከፀሐይ ጨረር ይከላከልልናል፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገኝ ግን የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። በቀጥታ ከጭስ ማውጫ አይወጣም። የመኪና ጭስና የቤንዚን ትነት በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው ይፈጥሩታል። ስለዚህ የሚበረታው ጠራራ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ የ8 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

መርካቶ ላይ ነገሩ ይለያል። አውቶቡስ ተራን በመሰለ መኪና በሚበዛበት ቦታ፣ ከሞተር ወዲያው የወጣው ጭስ ኦዞኑን ስለሚያጠፋው መጠኑ ብዙ ጊዜ ከከተማው ዳር ያንሳል። አየሩ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እዚያ ይበልጥ የሚያሰጋው የናፍጣና የከሰል ጭስ ደቃቅ ብናኝ ነው። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ስለሚተኛ ጭሱ እስከ ረፋድ ድረስ ታምቆ ይቆያል።

የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ይለካ የነበረው የብናኝ መጠን ከመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጀምሮ ለሕዝብ መቅረቡ ቆሟል። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ግን ለመላው ዓለም የ5 ቀን ትንበያ ያወጣል። ይሁንና ምድርን የሚከፍለው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ነው፤ መርካቶና እንጦጦ አንድ ቁጥር ሊደርሳቸው ይችላል። በሚናለሽ ተራ ከብየዳ የሚወጣውንም ሆነ ከበርበሬ ወፍጮ የሚነሣውን አያይም። ስለዚህ ትንበያው ጥሩ ቢልም ደረትዎ ከጠበበ ደረትዎን ይመኑ።

በአሜሪካው መለኪያ ቁጥሩ ከ100 ካለፈ ለሕሙማን፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ጎጂ ነው። በዚያ ቀን ሸክምና ዳገት ይቀንሱ። ኤን 95 ማስክ ብናኝን ያጣራል፣ ኦዞንን ግን አያስቀርም፤ ከኦዞን የሚሻለው በቀትር ቤት ውስጥ መቆየት ነው። የሚነፋው መድኃኒትዎ ከኪስዎ አይለይ። ከነፉ በኋላ ካልተሻለዎት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።