የትንሣኤ በዓል ቀን በየዓመቱ የሚለዋወጥበት ምክንያት

በደቡብ ጎንደር ዞን በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ፣ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀትም ጥር 11 ቀን ይከበራሉ። የትንሣኤ በዓል ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ይመላለሳል። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን መዋሉ ይታወሳል።

ለዚህ ምክንያቱ የበዓሉ ቀን በፀሐይና በጨረቃ አቆጣጠር ጥምረት መወሰኑ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ሲሆን፣ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀናት ያህል ናቸው። የ11 ቀኑ ልዩነት ጥንተ አበቅቴ ይባላል። ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጣ በመደንገጉም የሳምንቱ ዕለት በስሌቱ ይገባል። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን ይህን ስሌት ያዘጋጁት 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስረዳል።

የ2017 ዓ.ም. ስሌት ለአብነት ይጠቀሳል። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ። ዕለቱ ረቡዕ፣ የረቡዕ ተውሳክም 4 በመሆኑ ድምሩ 33 ሆነ። ድምሩ ከ30 በመብለጡ ጾመ ነነዌ ከጥር አልፎ የካቲት 3 ቀን ገባ። በዚህ ላይ 14 ቀን ሲጨመር የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ 69 ቀን ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ይገኛል።

ለውጡ ከበዓሉ ጋር ተያይዘው የሚመጡትን አጽዋማትም ያንቀሳቅሳል። ጾመ ሐዋርያት በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 17፣ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 2 ቀን የገባ ሲሆን፣ የሚፈታበት ሐምሌ 5 ግን አይለወጥም። በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል የሚገኘው የፎገራ አርሶ አደር የሩዝ ማሳውን የሚያዘጋጀውና የሚዘራው በዚሁ የክረምት መግቢያ ወቅት ነው። የከብት ገበያው መድራት፣ በጾም ወራት የወተት ፍላጎት መቀነስና የሕዝብ ስብሰባ ቀን አመራረጥም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ።

በመሆኑም ያለፈውን ዓመት የጊዜ ሰሌዳ እንዳለ መገልበጥ የሥራ መርሐ ግብርን ከበዓላት ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ትንሣኤ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4፣ በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ላይ የሚውል በመሆኑ የሁለቱ ዓመታት ልዩነት 20 ቀን ነው። የዘመኑ አጽዋማትና በዓላት በአብያተ ክርስቲያናት የሚታወጁት በመስከረም ወር መጀመሪያ ሲሆን፣ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ስሌቱ አስቀድሞ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ዕቅድ አዘጋጆች አዋጁን ሳይጠብቁ ቀኑን ማወቅ ይችላሉ።