የመውጫው በር፦ ከሆሎዌይ ጋጣ የተነሣው የእንስሳት መጠለያ ታሪክ

የእንስሳት መጠለያ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት የመግቢያው በር ነው፤ የቆሰለ ውሻ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲገባ፣ በካርቶን የተጣሉ የድመት ግልገሎች ከመንገድ ዳር ሲነሡ። የእነዚህን ተቋማት የ160 ዓመት ታሪክ ላገላበጠ ግን ስኬታቸውንም ውድቀታቸውንም የወሰነው የመውጫው በር ሆኖ ያገኘዋል። እንስሳው ከገባ፣ ከታከመና ከጠገበ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልነበረው መጠለያ፣ መሥራቾቹ የቱንም ያህል ደጋግ ቢሆኑ፣ ውሎ አድሮ መግደያ ሆኗል። መልስ ያገኘው ግን ከአጥሩ ወጥቶ የከተማን ልማድ፣ አንዳንዴም ሕግን እስከ መለወጥ ደርሷል።

ነገሩ በሚገባ ተመዝግቦ የሚገኘው ለንደን ላይ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1860 ወይዘሮ ሜሪ ቲልቢ ወዳጃቸውን ወይዘሮ ሜጀርን ሊጠይቁ ሄደው፣ ረሃብ ያደከመው አንድ ውሻ ወጥ ቤት ውስጥ ተኝቶ ያገኛሉ። ወይዘሮ ሜጀር ከመንገድ ያነሡት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሊያስታምሙት ሞከሩ፤ ውሻው ግን አልተረፈም። ወይዘሮ ቲልቢ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ውሾችን ማሰባሰብ ያዙ፤ ቦታው ሲጠብባቸውም በሰሜን ለንደን ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር የፈረስ ጋጣ ግቢ ተከራይተው የጠፉና የተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። የጠፋ ውሻ ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ካልመጣ ደግሞ ሌላ ደህና ሰው ይፈለግለታል። ዛሬ ባተርሲ ተብሎ በዓለም የሚታወቀው ድርጅት አጀማመሩ ይህ ነው።

ገና ከጅምሩ ተቃዋሚ አላጣም። ታላቁ የለንደን ጋዜጣ ታይምስ አሳቡን ከጤነኛ አእምሮ የወጣ አድርጎ ተሳለቀበት። የተቃውሞው ፍሬ ነገር ዛሬም በየአገሩ የሚነሣው ነው፦ ሰው እየተራበ ለውሻ ቤት መሥራት ምን ይባላል? ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የዚያ ዘመን ለንደን ሕፃናት ሌሊት በበረንዳ የሚያድሩባት፣ ኮሌራ በ1854 ከዚያም በ1866 የፈጃት ከተማ ነበረች። ተቃውሞው ግን አንድ ነገር ያለ ማስረጃ እንዲሁ ይቀበላል፤ ርኅራኄ በመስፈሪያ የተለካ እህል ይመስል ለውሻ የተሰጠው ከሕፃን አፍ የተነጠቀ ነው ይላል። የታሪኩ መዝገብ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በ1824 ለንደን ውስጥ በእንስሳት ላይ ጭካኔን የሚከላከለውን ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነው፤ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ዕድሜውን የሰጠው ያው ሰው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የእንስሳት መጠለያ በፊላዴልፊያ ያቋቋሙት ካሮላይን ኧርል ዋይት ባርነትን ሲታገል የኖረ ጠበቃ ልጅ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን የኒው ዮርኩ ነገር ነው። ሄንሪ በርግ በ1866 በእንስሳት ላይ ጭካኔን የሚከላከለውን የአሜሪካ ማኅበር መሠረተ። በ1874 ሜሪ ኤለን የምትባል በአሳዳጊዎቿ የምትደበደብ ሕፃን መኖሯ ሲሰማ፣ ለሕፃናት የቆመ አንድም ድርጅት ስላልነበረ አቤቱታው የቀረበው ለእርሱ ነበር። ልጅቷ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአሳዳጊዎቿ እጅ ወጣች፤ ከዚሁ ጉዳይም በሕፃናት ላይ ጭካኔን የሚከላከል በዓለም የመጀመሪያው ማኅበር ተወለደ። ለእንስሳ መቆምን የለመደው ሰው ለሕፃኗም ቆመ።

ወደ ሆሎዌይ እንመለስ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ የሚያዘጋጀው መጽሔት በ1862 በሁለት የውሻ ትርኢቶች ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አንደኛው በኢዝሊንግተን አዳራሽ የተደረገው፣ ዘራቸው የተመረጠ ውሾች ለሽልማት የተሰለፉበት ነው። ሁለተኛው ከዚያ ብዙም የማይርቀው የሆሎዌይ ግቢ ነው፤ ጆሮው የተቀደደ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ሰው ባየ ቁጥር ወደ ፍርግርጉ እየሮጠ ባለቤቴ መጣልኝ የሚል ውሻ የሞላበት። ጽሑፉ የሕዝቡን ልብ አራራ፤ መጠለያውም ከመሳለቂያነት ዳነ። ወይዘሮ ቲልቢ በ1865 ሲያርፉ ሥራቸው እግሩን ተክሎ ነበር።

ፈተናው የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለ መጠለያው በሚጻፉ የምስጋና ታሪኮች ውስጥም በጥድፊያ የሚታለፈው ይኸው ዘመን ነው። በ1867 የወጣው የለንደን መንገዶች ሕግ ፖሊስ ባለቤት የሌለውን ውሻ እንዲይዝ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጠያቂ ካልመጣ እንዲሸጥ ወይም እንዲገደል ሥልጣን ሰጠው። የተያዙት ውሾች ወደ መጠለያው ይጎርፉ ጀመር። ድርጅቱ በ1871 ሰፋ ወዳለው የባተርሲ ግቢ ተዛወረ፤ በ1883 ድመቶችንም መቀበል ያዘ፤ በ1885 ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂ ሆኑለት። ስሙ በገነነበት በዚያው ወቅት፣ በ1884፣ ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን የተባለ ሐኪም የነደፈው በጋዝ የሚገድል ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ ተሠራ። ክፍሉ ያለ ሥቃይ እንዲገድል ታስቦ የተነደፈ ነው፤ በዱላና በውኃ መግደል በተለመደበት ዘመን ይህ በራሱ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የተራበ ውሻን ለማዳን የተጀመረው ቤት በሃያ አራት ዓመት ውስጥ መግደያ ክፍል ለምን አስፈለገው?

መሥራቾቹን በግብዝነት መክሰስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይመስለኝም። የቸገራቸው ሒሳቡ ነው። በአንድ ከተማ በየቀኑ የሚፈለፈለው ቡችላና የሚጣለው ውሻ፣ ውሻ ሊወስዱ ከሚመጡት ሰዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ድመት ከሁለት ወር ብዙም በማይበልጥ እርግዝና በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትወልዳለች። ግቢን ማስፋት ይህን ሒሳብ አይቀይረውም፤ የሚገድሉበትን ቀን በጥቂት ያራዝመው ይሆናል እንጂ። ኒው ዮርክም በዚሁ መንገድ አለፈች። በርግ የመሠረተው ማኅበር ጭካኔን ለማስቀረት ሲል በ1894 የከተማዋን ውሻ የመያዝ ሥራ ተረከበ፤ እስከ 1994 ድረስ፣ ድፍን መቶ ዓመት፣ ለእንስሳት ጥብቅና የቆመው ድርጅት በከተማዋ ብዙ እንስሳትን የሚገድል ድርጅትም ሆኖ ኖረ። ሠራተኞቹ ጨካኞች አልነበሩም። መውጫው በር ጠባብ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይነሣል፤ የሰው ደኅንነትስ? የእብድ ውሻ በሽታ ተረት አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚያገኛቸው ከውሻ ነው፤ ኢትዮጵያም በበሽታው እጅግ ከሚጠቁ አገሮች አንዷ ናት። ልጁ በሠፈር ውሻ የተነከሰበት አባት ስለ መጠለያ ሲነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ብሪታንያ በ1902 በሽታውን ያጠፋችው የውሻን አፍ በግዴታ በማሰር፣ ባዛኝ ውሾችን በመያዝና ከውጭ የሚገባውን በመቆጣጠር ነው፤ በዚያ ዘመቻ መጠለያው የፖሊስ አጋር እንደነበረም መካድ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ግን እውቀታችን ሰፍቷል። ውሻን በገፍ መግደል ብቻውን በሽታውን አያጠፋም፤ ውሾቹ የሚመገቡበት የቆሻሻ ክምር እዚያው ካለ የሞቱትን ቦታ ከሌላ ሠፈር የመጡና አዲስ የተወለዱ ውሾች ይይዙታል፤ እነዚህ ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ ያን ጊዜ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተከተበና እንዳይራባ የተደረገ ውሻ በሠፈሩ ቢኖር ለሕፃናቱ ከለላ ነው፤ ቢገደል ግን ቦታውን ለማይታወቅ ውሻ ይለቃል። ስለዚህ የክትባት መርፌና የማምከኛ ቢላዋ ይዞ ሠፈር ለሠፈር የሚዞር መጠለያ ለውሻው ያዘነውን ያህል ለልጁም እየሠራ ነው።

የ1939 ጉዳይ ደግሞ ሌላ ገጽ ይጨምራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲታወጅ፣ የለንደን ነዋሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ 400,000 የሚደርሱ የቤት ውሾችና ድመቶቻቸውን አስገደሉ። መንግሥት ግደሉ ብሎ አላዘዘም። የተሰራጨው ምክር ከተቻለ እንስሳትን ወደ ገጠር ላኩ የሚል ሲሆን፣ ለማይቻለው ደግሞ ያለ ሥቃይ ማስገደልን በአማራጭነት አስቀምጦ ነበር። በእንስሳት ሐኪሞች ደጃፍ የተሰለፉት ሰዎች እንስሶቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ብዙዎቹ ቦምብ ሳይወድቅ ስለ ቸኮሉ በኋላ አዝነዋል። ባተርሲ ግን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ በሩን ሳይዘጋ የሚመጡለትን ሲቀበል ቆየ። ፍቅር በችግር ቀን የሚሄድበት መንገድ ካልተበጀለት እንስሳውን እንደማያድነው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

መንገዱ የተበጀው ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይም በአሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ በአገሪቱ መጠለያዎች በዓመት ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን የሚደርሱ ውሾችና ድመቶች እንደሚገደሉ ይገመት ነበር። የሎስ አንጀለስ ከተማ በዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ በአነስተኛ ክፍያ እንስሳትን የሚያመክን ክሊኒክ ከፈተች። ከዚያ በፊት ውሻን ማምከን የሀብታም ቅንጦት ነበር፤ ክፍያው ሲቀንስ ግን ተራው ሠራተኛም ውሻውን ይዞ መጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ ሪቻርድ አቫንዚኖ የሚመራው ማኅበር በ1984 የከተማዋን ውሻ የመያዝና የመግደል ውል እንደሚተው አስታወቀ፤ ጉልበቱንና ገንዘቡን በሙሉ ወደ ማምከንና ባለቤት ወደ መፈለግ አዞረ። በ1994ም ከከተማው መጠለያ ጋር ተፈራርሞ፣ ጤነኛና ጠባየ ሰላም የሆነ አንድም ውሻ ወይም ድመት ቦታ ጠፋ ተብሎ እንዳይገደል ዋስትና ሰጠ። ፍሬው በአገር ደረጃ ይታያል፤ በአሜሪካ መጠለያዎች የሚገደሉት በ2011 ወደ 2.6 ሚሊዮን ይገመቱ የነበሩት በ2019 ወደ 920,000 ወርደዋል። በዚህ መሃል አሜሪካውያን በደግነት ከአያቶቻቸው ስለ በለጡ አይደለም። የሚወለደው ቀነሰ፣ የሚወስደው በዛ።

ባለቤት መፈለግም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ዛሬ አንድ ውሻ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚደረገው በትከሻዎቹ መሃል መመርመሪያ መሣሪያ ማሳለፍ ነው፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ካለች መሣሪያው ባለ 15 አሐዝ ቁጥሯን ያነባል፤ ቁጥሩም ወደ ባለቤቱ ስልክ ይመራል። በእንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ ውሻ ያለው ሁሉ ይህን እንዲያደርግ በሕግ ተገዷል። ባለቤት ከጠፋ ይከተባል፣ ይመከናል፣ ከዚያ ጠባዩ ይጠናል፦ ምግብ ሲነካበት ይቆጣል? ሕፃን ያስደነግጠዋል? ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል? ወሳጁም እንዲሁ ይጠየቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው ብቸኝነት የማይችል ውሻ ቢሰጠው ከወር በኋላ መመለሱ አይቀርም። እነዚህ ጥያቄዎች ቢሮክራሲ የሚመስሉት ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የተመለሰ ውሻ ቦታ የሚያጣበው ሊመጣ በነበረ ሌላ ውሻ ላይ ነው። በረት ውስጥ መቆየት በራሱ ምን ያህል እንደሚከብድ በ2004 ባተርሲ ላይ ሬድ የተባለ ውሻ አሳይቷል። ጠዋት ጠዋት የውሾች ክፍሎች ተከፍተው፣ ምግብ ተበልቶ ሲገኝ ሠራተኞቹ ግራ ገብቷቸው ካሜራ ተከሉ። ሬድ መቀርቀሪያውን በጥርሱ ስቦ እየከፈተ ይወጣና እየዞረ ወዳጆቹን ያስወጣ ነበር። ታሪኩ ዓለምን ዞረ፤ ብዙ ሰውም ውሻ ሊወስድ ጠየቀ። በ2011 ከዚያው ግቢ ወደ ብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የሄደው ላሪ የተባለ ድመት ደግሞ የመንገድ እንስሳ የተበላሸ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ አፍርሷል።

የቀረው ተቃውሞ ከውስጥ፣ ከመጠለያ ሠራተኞች ራሳቸው የሚመጣ ነው፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለእርሱ ነው። አንገድልም የሚል መጠለያ ሲሞላ በሩን ይዘጋል፤ የታመመውን፣ ያረጀውንና የሚናከሰውን ለመንግሥት መጠለያ ይተዋል፤ ከዚያ ራሱን ንጹሕ፣ ሌላውን ገዳይ ያስመስላል ይላሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ስምምነትም ዋስትናው ለሁሉም እንስሳ አልነበረም። ወቀሳው በከፊል እውነት ነው። መውጫው የሰፋው መግቢያውን በመዝጋት ከሆነ ቁጥሩ አማረ እንጂ ችግሩ ቦታ ቀየረ። ሰውን የሚያጠቃና ሊታረም ያልቻለ ውሻን ለቤተሰብ መስጠትም በሌላ ሰው ልጅ መፍረድ ነው፤ ሥቃዩ የማይታገሥ እንስሳንም በሐኪም እጅ ማሳረፍ ከምሕረት ይቆጠራል። መፍትሔው ግን ወደ ጋዝ ክፍሉ መመለስ ሳይሆን እንስሳው መጀመሪያውኑ ከቤቱ እንዳይወጣ መሥራት ነው። ውሻውን ሊተው የሚመጣ ሰው ሁሉ ግድ የለሽ አይደለም። አንዱ የሕክምና ክፍያ አቅቶት ነው፤ ሌላው ምግቡ ተወዶበት፤ ብዙው ደግሞ አዲሱ አከራይ እንስሳ አላስገባም ስላለው። ስለዚህ ጥሩ መጠለያዎች ዛሬ ለባለቤቶች መኖ ይሰጣሉ፣ በርካሽ ያክማሉ፣ የማይታዘዝን ውሻ ጠባይ ቤት ድረስ ሄደው ያርማሉ። በ2025 የጸደቀው የእንግሊዝ የተከራዮች መብት ሕግ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት የቤት እንስሳን እንዳይከለክል ደንግጓል፤ ለዚህ ለዓመታት ሲሟገቱ ከነበሩት ድርጅቶች አንዱ ባተርሲ ነው። የኪራይ ውል አንቀጽ ላይ መከራከር ለእንስሳት መጠለያ ባዕድ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ከአከራዩ ደብዳቤ የተነሣ ውሻውን ሊያስረክብ የመጣውን ተከራይ በየሳምንቱ የሚቀበል ሠራተኛ ግን እንዲያ አይመስለውም።