ድምፅ መንዛሪ

የድምፅ ሰዎች «ኤዲሲ» ይሉታል፤ አንዳንዶቹም «ኮንቨርተር»። ከማይክራፎን የሚወጣው ድምፁን ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚል ደቃቅ ቮልቴጅ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ከቁጥር በቀር የሚገባው ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ቆሞ ቮልቴጁን ተቀብሎ ቁጥር የሚያስረክበው ይህ ኤዲሲ የሚባለው ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ለዋጭ» ይሆናል፤ ለስም ረዘመ፣ ሁለቱ የውጭ ቃላትም እንዳሉ ናቸው። እኔ «ድምፅ መንዛሪ» ብንለው እላለሁ። ዶላር ሰጥቶ ብር የተቀበለ ሰው በምንዛሪው የጎደለበትን ቤቱ ገብቶ ቢቆጥር አያገኘውም፤ እዚህም በምንዛሪው የጎደለው ድምፅ በኋላ አይመለስም። «ዘርዛሪ»ም ባልከፋ ነበር፤ ግን ወሬኛ ሰው ያስመስለዋል።

መንዛሪው ቮልቴጁን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል፤ ለሲዲ የተወሰነው 44,100 ጊዜ ነው። ይህም የሆነው የጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ነው። ናይኲስትና ሻነን በስማቸው በሚጠራው ሕግ እንዳሳዩት ደግሞ አንድን ሞገድ ሳያዛቡ ለመያዝ ከድግግሞሹ እጥፍ በላይ መለካት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ልኬት፣ ማለትም ናሙና፣ በስንት ቢት እንደሚጻፍ ሌላ ጉዳይ ነው። 16 ቢት 65,536 እርከን አለው፤ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ። በወረቀት ላይ 24 ቢት በጣም ቀስ ባለውና በጣም ከፍ ባለው ድምፅ መካከል 144 ዴሲቤል ስፋት ይሰጣል፤ በተግባር ግን የዕቃው የራሱ ሹክሹክታ ስላለ እዚያ የሚደርስ መንዛሪ እምብዛም አይገኝም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ሌቭሉን ዝቅ አድርጎ መቅዳት ያስችላል። ከበሮው በድንገት ሲመታ ድምፁ አይፈርስም፣ ቀስ ያለውም ዜማ በሹክሹክታው አይዋጥም።

የእጅ ኮምፒውተርን ጥሩ መቅጃ የማድረግ ሐሳብ ከዛሬው ስማርት ስልክ ይቀድማል። ኮምፓክ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይፓክ የተባለ የኪስ ኮምፒውተር ለማስታወሻ የሚሆን ንግግር ይቀዳ ነበር፤ ሙዚቃ ግን አይሆንለትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮር ሳውንድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ፒዲኦዲዮ ሲኤፍ የሚባል፣ በኮምፓክትፍላሽ ቀዳዳ የሚሰካ ካርድ አቀረበ። በ24 ቢት፣ በሰከንድ እስከ 192 ሺህ ናሙና ያስተናግዳል። የሚገርመው ግን ካርዱ ውስጥ መንዛሪ አልነበረም! ማይክራፎን አይሰካበትም፤ ከውጭ ተመንዝሮ የመጣውን ቁጥር በሽቦ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ምንዛሪው የሚያልቀው ማይክራፎኑ በተሰካበት ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው። ለአይፓኩ የቀረለት ቁጥሩን ሚሞሪ ካርድ ላይ መጻፍ ነበር፤ ይህን ደግሞ ደህና አድርጎ ይችላል። ደካማው ክፍል ተዘልሎ ታለፈ ማለት ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ኮምፒውተር፣ ሳጥንና ሽቦ አስከትሎ መዞር ምቾት የለውም፤ በዚያ ላይ በ24 ቢትና በ96 ሺህ ናሙና ስቴሪዮ ሲቀዳ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ስለሚበላ 1 ጊጋባይት ካርድ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

ዛሬ ሚሞሪው አያሳስብም፤ ምንዛሪው ግን ያው ነው። ስልክ ውስጥ ያለው መንዛሪም ሆነ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሶፍትዌር በመጀመሪያ የታሰቡት ለስልክ ንግግር ነው። ክራርና ከበሮ በስልክ የቀዳ ሰው ያውቀዋል፦ ከበሮው ዱም ሲል ስልኩ ደንግጦ ድምፁን ይቀንሳል፣ ዘፋኙ አብሮ ይሰምጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር እንደዚሁ። ይህ አውቶማቲክ ጌይን የሚባለው ነው። የስልኩ ድምፅ አጥሪ ሶፍትዌርም የጽናጽሉን ሽርሽርታ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል።

መፍትሔው የአይፓኩ ነው፦ መንዛሪውን ከስልኩ ማውጣት። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ገበያ ላይ «ኦዲዮ ኢንተርፌስ» ወይም «ሳውንድ ካርድ» የሚባለው ዕቃ በውስጡ የማይክራፎን ማጉያና መንዛሪ ይዟል። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ፣ አይፎንም ይቀበሉታል፤ ከአይፎን 15 ወዲህ ቀዳዳው ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ አስማሚም አይፈልግም። መቅጃ አፑ አውቶማቲክ ጌይን ማጥፋት የሚያስችል፣ ፋይሉንም በዌቭ የሚያስቀምጥ ይሁን። ለአብዛኛው ሥራ 24 ቢትና 48 ሺህ ናሙና ከበቂ በላይ ነው፤ ስቴሪዮ ከሆነ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 192 ሺህ ተብሎ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ማስወደጃ እንጂ ለጆሮ የሚጨምረው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ በዚያ ገንዘብ የተሻለ ማይክራፎን ይገዛል። ሌቭሉ ከጣሪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ላይ እንዲመታ አድርጎ መተው ነው። የብሉቱዝ የጆሮ ማይክራፎን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ድምፁን ለስልክ ጥሪ በሚሆን ልክ ቆርጠው ነው የሚልኩት።

ኢንተርፌሱ ኃይሉን ብዙ ጊዜ ከስልኩ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለረጅም ቀረጻ እየቀዱ ቻርጅ ለማድረግ የሚያስችል ሁለተኛ ቀዳዳ ያለው ይመረጣል። ስልኩም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ ሰው ቢደውል ቀረጻው ሊቆም ይችላል፣ ባይቆምም የኔትወርኩ ጥዝዝታ በማይክራፎኑ ሽቦ ሊገባ ይችላል።