ሁለት ይግባኝ፣ ሁለት ሚዛን

የመኪና እሽቅድምድም ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው የፍጥነትና የድፍረት ጨዋታ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ነገሩን ቀርቦ ለመረመረው ግን ከሜዳው ሩጫ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚከብደው፣ ሞተሩ ሁሉ ጸጥ ካለና አሸናፊው የአበባ ጉንጉኑን ካጠለቀ በኋላ በዝግ አዳራሽ የሚሰየመው የዳኞች ጉባኤ ነው፤ በዚያ ጉባኤ በአንድ ቃል ብያኔ ድል ሊሻር፣ የተሻረው ሊመለስ፣ የአንድ ሰው የዓመት ድካምም እንዳልነበረ ሊሆን ይችላልና። ከእነዚህ ጉባኤዎች ሁሉ መካከል ግን በ1976 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ላይ በፓሪስ የተሰየሙት ሁለቱ፣ ቅጣትና ይግባኝ እንዴት ባለ ርትዕ ሊመሩ እንደሚገባ ለሚያስብ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

የዚያ ዓመት ተፎካካሪዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ባለፈው ዓመት በፌራሪ መኪና የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በጥንቃቄውና በስሌቱ የታወቀው ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ማክላረን ቡድን ገና መግባቱ የነበረው፣ በጠባዩ ፈጽሞ የላውዳ ተቃራኒ የሆነው እንግሊዛዊው ጄምስ ሃንት ነው። ተፎካካሪዎች ቢሆኑም ወዳጆች ነበሩ፤ በመካከላቸው የገባው ክርክርም ከእነርሱ ይልቅ የቡድኖቻቸውና የዳኞቻቸው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በማድሪድ አጠገብ በሚገኘው በሃራማ ሜዳ፣ በግንቦት 2 ቀን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ አዲስ የመኪና አሠራር ደንብ ጸንቶ ነበር፤ በዚህም ደንብ በመኪናዎቹ ራስ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቆሞ ይታይ የነበረው ረጅም የአየር መሳቢያ ተከለከለ፣ የመኪናውም የኋላ ስፋት ከ215 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህ ወሰን በተቈረጠ ጊዜ መለኪያ ሆኖ ያገለገለው፣ ከሁሉ ሰፊ መሆኑ የታወቀው የማክላረን መኪና ራሱ ነበር፤ በተለካው ላይም ጥቂት ትርፍ ተጨምሮ ሕግ ሆነ። ላውዳ በቤቱ ሳለ የሚነዳው ትራክተር ተገልብጦበት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ስለ ነበረ፣ በሕመም ተጨንቆ ሁለተኛ ወጣ፤ ሃንት አሸነፈ። ከሩጫው በኋላ ግን መርማሪዎቹ የሃንትን መኪና በሜትር ቢለኩት ከተፈቀደው 1.8 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። ቡድኑ ጎማው ሲሠራ በጎኑ የሚወጣው እብጠት በስሌት አለመግባቱን ቢያስረዳም አልተሰማም፤ ሃንት ከውጤት ተሰረዘ፣ ድሉም ለላውዳ ተሰጠ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ የጣት ስፋት ያህል እንኳ የማይሞላ ትርፍ ነው። ሕግ ሕግ ነውና ወሰን የተላለፈ ሰው ተላልፏል ቢባል እውነት ነው፤ ማክላረኖችም ከሩጫው በፊት መኪናቸውን በራሳቸው ሜትር ሳይለኩ መቅረታቸው ስንፍና እንደ ነበር ልንሸሽግ አይገባም። ነገር ግን ጥፋትን ከቅጣት ጋር የሚመዝን ዳኛ፣ ወንጀሉ ሆን ተብሎ የተሠራ ነውን፣ ባለቤቱንስ ምን ያህል ጠቅሞታል ብሎ ሳይጠይቅ ብያኔ ሊሰጥ አይገባውም፤ ያ ጥቂት ስፋትም መኪናውን አፈጠነው ብሎ ማስረዳት የቻለ አልነበረም። እነሆ ፓሪስ የተቀመጠው የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ስረዛውን ሽሮ በገንዘብ መቀጮ ለወጠው፤ ድሉም ለሃንት ተመለሰ። በዚያን ዘመን አንደኛ ለወጣ 9 ነጥብ፣ ሁለተኛ ለወጣ 6 ነጥብ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ከብያኔው በፊት 55 ለ 17 የነበረው የሁለቱ ሰዎች ነጥብ በአንድ ቀን 52 ለ 26 ሆነ።

ይህ ብያኔ በእኔ አስተያየት ርቱዕ ነበር፤ ሆኖም የተመለሰው ሁሉ አልተመለሰም። ምክንያቱም ከሃራማ በኋላ ማክላረኖች መኪናውን በደንቡ ውስጥ ለማስገባት ሲያጠቡ የዘይት ማቀዝቀዣዎቹን ከነበሩበት ቦታ አነሡ፤ ይህችም ጥቂት የምትመስል ለውጥ በኋላ ክንፉ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ ስላወከች መኪናው ጠባዩ ተበላሸ፣ ሃንትም በቤልጂክና በሞናኮ ከሩጫው ወጣ፣ በስዊድን ከአምስተኛ በላይ ሊወጣ አልቻለም። መካኒኮቹ የነገሩን ምክንያት ደርሰውበት ማቀዝቀዣዎቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ሲመልሱ ወዲያው በፈረንሣይ አሸነፈ። ይግባኝ ሰሚው የሃራማን 9 ነጥብ መለሰለት፤ በእነዚያ ሳምንቶች የባከነውን ግን ማንም ዳኛ ሊቈጥርለት፣ ማንም ጸሐፊ ሊመዘግብለት አልቻለም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ክርክር የተነሣው በሐምሌ 18 ቀን በእንግሊዝ አገር በብራንድስ ሃች ነው። ሩጫው በተጀመረ በመጀመሪያው መታጠፊያ የፌራሪ ሁለተኛ አሽከርካሪ የነበረው ስዊሳዊው ክሌይ ሬጋዞኒ ከገዛ ጓደኛው ከላውዳ ጋር ተጋጨ፤ ከኋላ የደረሰው ሃንት ሊያመልጥ አልቻለምና መኪናው ተመታ፣ ወደ ላይ ተነሥቶም ወደቀ። መንገዱ በስብርባሪ ስለ ተሞላ ቀይ ሰንደቅ ተውለበለበ፣ ሩጫውም ቆመ። ሃንት ዙሩን አልጨረሰም፤ የተሰበረ መኪናውን እየጎተተ በጓሮው መንገድ በኩል ወደ መካኒኮቹ ገባ። ዳኞቹም ዙሩን ያልጨረሰ በትርፍ መኪና እንደ ገና ሊነሣ አይችልም ብለው በድምፅ ማጉያ ባስነገሩ ጊዜ፣ የአገሩን ልጅ ሊያይ የመጣው እልፍ አእላፍ ሕዝብ በጭብጨባና በጩኸት ሜዳውን አናወጠው፤ የቢራ ጣሳም ወደ መንገዱ መወርወር ተጀመረ። ዳኞቹ ሲመካከሩ፣ የቡድኖቹ አለቆች ሲከራከሩ፣ ጊዜው ሄደ፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ የማክላረን መካኒኮች የተሰበረውን መኪና በጥድፊያ ጠግነው አስነሡት። ሃንት በዚያው በፊተኛው መኪናው ተነሣና ላውዳን ቀድሞ አሸነፈ።

ፌራሪ አቤቱታ አቀረበ፤ በሜዳው ያሉት ዳኞች አልተቀበሉትም፤ ፌራሪም ይግባኙን ወደ ፓሪስ ወሰደ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር የፌራሪ ክርክር ከንቱ አልነበረም። ደንቡ ሩጫው በቆመ ጊዜ ያልነበረ ሰው ዳግመኛ እንዳይነሣ ያዝዛል፤ ሃንት በዚያች ደቂቃ ገና በሩጫ ላይ ነበር ወይስ አቁሞ ነበር የሚለው ነገር አጠያያቂ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሕዝብ ስለ ጮኸ የሚለወጥ ትእዛዝ ፍርድ ሊባል አይገባውም። ነገር ግን የገዛ የፌራሪ ሰው ሬጋዞኒ፣ ደግሞም የሊዥየው ፈረንሣዊ ዣክ ላፊት፣ በትርፍ መኪና ተነሥተው ሮጠው ነበር። ሬጋዞኒ መኪናው ባይበላሽበትና ቢያሸንፍ ኖሮ ያ ቡድን ያንኑ ደንብ ጠቅሶ ወደ ፓሪስ ይሄድ ነበርን? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰነድ የለም፤ ቢሆንም ዳኛ የከሳሹንም እጅ ሊመለከት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋልና በአጭሩ እናልፈዋለን። በነሐሴ 1 ቀን በጀርመን በኑርበርግሪንግ የላውዳ መኪና ከመንገድ ወጥቶ በእሳት ተያያዘ፤ አርቱሮ መርዛሪዮ፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ብሬት ለንገርና ሃራልድ ኤርትል የተባሉ ተወዳዳሪዎች መኪናቸውን አቁመው ከነበልባሉ አወጡት። በሆስፒታል አልጋ ላይ ካህን ተጠርቶ ለሚሞት ሰው የሚደርሰውን ጸሎት አደረሰለት። እርሱ ግን በስድስተኛው ሳምንት ቁስሉ ሳይደርቅ በጣልያን በሞንዛ ተሰልፎ አራተኛ ወጣ። ከዚያ ውድድር በኋላ ነጥባቸው 61 ለ 56 ነበር።

መስከረም 24 ቀን የፓሪሱ ጉባኤ ብያኔውን ሰጠ፤ ሃንት ከብራንድስ ሃች ውጤት ተሰረዘ፣ ድሉም ለላውዳ ሆነ። 5 የነበረው ልዩነት በዚያች ቀን 17 ሆነ፤ የቀሩትም ሩጫዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ይህን ፍርድ ከሁለት ወር በላይ ማቆየት በምን ምክንያት ይጸድቃል? ከሩጫው እስከ ብያኔው አራት ውድድሮች ተደርገዋል፤ በእያንዳንዱም ሃንት የሚደፍረውንና የሚቈጥበውን፣ ላውዳም በፋሻ በተጠቀለለ ራሱ ወደ ሞንዛ ለመመለስ የቸኰለበትን ልክ፣ ሁለቱም ያመዛዘኑት ሐሰተኛ በሆነ የነጥብ ሠንጠረዥ ነው። በእሳት የተቃጠለ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ወይም ማዕርጉን ለመጠበቅ ሲመርጥ፣ በፊቱ የተዘረጋው ቍጥር እውነተኛ ሊሆን በተገባው ነበር።

ፍርድ እንዲህ መዘግየት እንደማያስፈልገው ከዚህ ዘመን በፊት 18 ዓመት ቀድሞ በፖርቱጋል የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በነሐሴ 24 ቀን 1958 በፖርቶ ከተማ፣ የትራም ሐዲድ በሚያቋርጠው በቦአቪስታ ጎዳና በተደረገው ሩጫ ስተርሊንግ ሞስ አሸነፈ፣ የፌራሪው ማይክ ሆውቶርን ሁለተኛ ወጣ። ሆውቶርን ግን በመጨረሻው ዙር መኪናው ዞሮ ሞተሩ ስለ ጠፋበት፣ ሊያስነሣው ቁልቁል ገፍቶት ነበር፤ ዳኞቹም ከሩጫው አቅጣጫ ተቃራኒ ሄዷል ብለው ሰረዙት። የሻምፒዮናው ተፎካካሪ ሞስ ይህን በሰማ ጊዜ ከዳኞቹ ፊት ቀርቦ፣ ያየሁት በዓይኔ ነው፣ መኪናው የተገፋው በእግረኛ መንገድ ላይ እንጂ በሩጫው መንገድ ላይ አይደለም ብሎ መሰከረ። ስረዛው እዚያው በፖርቶ ተነሣ። በዓመቱ መጨረሻ በካዛብላንካ ነጥብ ሲቈጠር ሆውቶርን 42፣ ሞስ 41 ሆነ፤ የፖርቶ ውጤት ባይመለስለት ኖሮ ማዕርጉ የሞስ ነበር። ሞስ በዕድሜው ሙሉ ያን ማዕርግ አላገኘም። በዚያ ጉዳይ ጠበቃ አልተቀጠረም፣ መዝገብ ከአገር አገር አልተላከም፤ ያየ ምስክር ነበረ፣ የሚሰማ ዳኛ ነበረ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝም ተጠየቀ። በብራንድስ ሃችም ቢሆን በዚያው ምሽት መታጠፊያው አጠገብ የቆሙት የሰንደቅ ያዦች ተጠርተው መጠየቅ፣ መሐላም መቀበል ይቻል ነበር።

ወደ 1976 እንመለስ። ሃንት በካናዳና በአሜሪካ አከታትሎ አሸነፈ፤ ላውዳ ወደ መጨረሻው ውድድር ወደ ጃፓን የሄደው በ68 ለ 65 ቀድሞ ነው። ጥቅምት 24 ቀን በፉጂ ተራራ ግርጌ ዝናቡ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ጉሙም መንገዱን ሸፈነ፤ ሩጫው ብዙ ከዘገየ በኋላ ተጀመረ። የዓይኑ ቆብ በእሳቱ የተጎዳበት ላውዳ ሁለት ዙር ሮጦ ቆመ፤ ከእርሱም ሌላ ኤመርሰን ፊቲፓልዲና ካርሎስ ፓቼ በዚያ ሁኔታ አንሮጥም ብለው ወጡ። ሃንት ሲመራ ቆይቶ ጎማው አልቆበት ወደ ኋላ ቢቀርም እንደ ምንም ሦስተኛ ሆኖ ገባ፤ 4 ነጥብም አገኘና በ69 ለ 68 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከመኪናው ሲወርድ የተሸነፈ መስሎት በቡድኑ አለቃ በቴዲ ሜየር ላይ በቍጣ ይጮኽ ነበር።

አሁን ቍጥሩን እንደ ገና እናስላው። የቀረው ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ፣ ፓሪስ በሃራማ ያሳየውን ርኅራኄ በብራንድስ ሃችም ቢያሳይ ኖሮ፣ ሃንት ወደ ፉጂ ከመሄዱ በፊት 74፣ ላውዳ 65 ይሆኑ ነበር፤ ላውዳ ጃፓን ላይ ቢያሸንፍ እንኳ ነጥባቸው ይተካከልና በድል ብዛት ማዕርጉ የሃንት ይሆን ነበር። በብራንድስ ሃች ያሳየውን ጥብቅነት በሃራማም ቢያሳይ ደግሞ ላውዳ 71፣ ሃንት 56 ሆነው ወደ ፉጂ በሄዱ፣ የላውዳ ሻምፒዮንነትም ከካናዳው ሩጫ በፊት፣ ገና በመስከረም 24ቱ ብያኔ ዕለት በተፈጸመ ነበር። የፉጂው ዝናብ የማዕርግ መቍረጫ የሆነው አንዱ ጉባኤ በአንዱ ዓመት ውስጥ አንዱን ይግባኝ በደንቡ መንፈስ፣ ሁለተኛውን በደንቡ ፊደል ስለ ፈረደ ነው፤ ገና ከቃጠሎው ያላገገመው ሰውም ነፍሱን ወይም ማዕርጉን እንዲመርጥ በዚያ ውኃ ውስጥ የቆመው በዚሁ ምክንያት ነው።